ኮርቻውን ከፍ አድርጊው

ገዳሪፍ፣ ሱዳን፣ ጥቅምት 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፅናት ስንሻው
አዲስ አበባ

የኔ ዓለም፣

ሰላምታውን ቆይ፣ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ተነሺና የሳይክልሽን ኮርቻ ከፍ አድርጊው። ዛሬ የግማሽ ጣት ውፍረት ያህል ብቻ፣ ከዚያ አይለፍ። ብሎኑን ጥብቅ አድርገሽ እሰሪና ተመልሰሽ ቁጭ ብለሽ ይኼን አንብቢ። "አባዬን ደግሞ ምን ነካው" እንደምትይ አውቃለሁ። የነካኝን ልጽፍልሽ ነው የተቀመጥኩት፣ ሳልጨርስም አልነሣም።

አደረግሽው? ጎበዝ። እንግዲህ አሁን ሰላም ልበልሽ። እንዴት ነሽልኝ? የአዲስ አበባ ብርድ አጥንትሽ ገባ ወይስ ለመድሽው? የገዳሪፍ ሙቀት ያሳደጋት ልጅ እዚያ ጥቅምትን እንዴት እንደምታልፈው እናትሽ ስታስብ ትውላለች። እኛ በጤና አለን። እናትሽን እግሯን ትንሽ ያማታል እንጂ አንደበቷ እንደ ጥንቱ ነው፣ ሰፈሩን በሙሉ ታስተዳድራለች። ዘንድሮ የክረምቱ ዝናብ፣ ኸሪፉ፣ በረታ፣ ይኸው አሁን ሰሊጡ ደርሶ አጨዳ ላይ ነው። ከመተማ በኩል የሚመጣው ሠራተኛ ግን እንደ ድሮው አይደለም፣ መንገዱን ፈርቶ ግማሹ ቀርቷል። ቤንዚን ከጠፋ ወዲህ ረክሻው፣ እዚያ ባጃጅ የምትሉት፣ ሁሉ በየጥጉ ቆሟል። ሰዉ ከየጓሮው የዛገ ሳይክል እየጎተተ ወደኔ ሱቅ ይመጣል፣ "ያ ኡስታ፣ ያ ኡስታ" ሲለኝ፣ ባለሙያው ሲለኝ ይውላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህች ከተማ እጄ ያልነካው ሳይክል የለም። የምነግርሽ ነገር የከበደኝም በዚሁ ምክንያት ነው።

በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬአለሁ። ኔትወርኩ ይቆረጣል። ሳይቆረጥ ሲቀር ደግሞ እኔው እቆርጠዋለሁ። አንድ ጊዜ "አባዬ፣ ምን ልትለኝ ነበር?" ስትይኝ "ምንም፣ ደኅና ሁኚ" ብዬሽ የዘጋሁት ትዝ ይልሻል? ያን ቀን ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ ራሴን ሰደብኩት። አሁን ሂያም፣ አብራሽ የተማረችው፣ ከእናቷ ጋር በፖርት ሱዳን በኩል ወደ አዲስ አበባ ልትበር ነው። ነገ ጠዋት ትነሣለች። ደብዳቤው በእጅሽ ይግባ ብዬ አደራ ሰጥቻታለሁ፣ እንግዲህ ማምለጫ የለኝም።

መስከረም መጨረሻ ላይ ደውለሽ የነገርሽኝን ልድገመው፤ በደንብ ገብቶኝ እንደሆነ አንቺው ፍረጂ። ጉልበትሽን ያምሻል። ከሠላሳ ኪሎ ሜትር በኋላ እሳት የነካው ያህል ያቃጥልሻል፣ ዳገት ላይ ደግሞ ይብሳል። አሰልጣኝሽ "ኮርቻሽ ዝቅ ብሏል" እያለ ከፍ ያደርገዋል፣ አንቺ ደግሞ እሱ ዞር ሲል መልሰሽ ታወርጂዋለሽ። ሲይዝሽ ተጣላችሁ። አንቺም "ይኼን ልክ የሰጠኝ አባቴ ነው፣ አባቴ ሠላሳ ዓመት የሳይክል ሰው ነው፣ የአባቴን ልክ ማንም አይነካብኝም" አልሽው። እሱም የክለቡ ምርጫ ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው፣ እስከዚያ ጉልበትሽ ካልተሻለው ስምሽ ከዝርዝሩ ይወጣል፣ በክለቡ ማደሪያ ያለውን አልጋሽንም ለሌላ ትለቂያለሽ አለሽ። በመጨረሻ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ "ካልሆነ ቤሩት እሄዳለሁ አባዬ፣ ደላላ አግኝቻለሁ" አልሽኝ።

እኔስ ምን አልኩሽ? "በርቺ፣ ልክሽን እንዳትለቂ" አልኩሽ።

አይ አባት! ልጄ በሰው አገር፣ በሰው ፊት፣ በኔ ስም ተከራከረች ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ስልኩን ስዘጋው ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እዚህ ሱዳን ጦርነቱ ሲጀመር አዲስ አበባ ወደ አክስትሽ ስንሸኝሽ ከሱቁ ምን ልውሰድ ብለሽ ሲባጎ ነበር የወሰድሽው። ከመርገጫው እስከ ኮርቻው ለክተሽ ቋጠሮ ቋጥረሽበት፣ "የትም ብሄድ ሳይክሌን በዚህ አስተካክላለሁ" ስትይ ሰምቻለሁ። ያን ቀንም አላረምኩሽም። አንቺ ያኔ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርሽ። ከዚያ ወዲህ ቁመትሽ ጨምሯል፣ አክስትሽ በላከችው ፎቶ ላይ ከሷ በራስ ትበልጫለሽ። ሲባጎው ግን አላደገም። ይኼ አንድ ስሕተት ነው። ሁለተኛው ግን የሲባጎው አይደለም፣ የኔ ነው።

እሱን ከመናገሬ በፊት የት ሄጄ እንደመጣሁ ልንገርሽ። ሰው ሲያፍር ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል፣ ታገሺኝ።

ቱነይድባ፣ የትግራይ ስደተኞች ካምፕ፣ ሄጄ ነበር። ካምፑ ውስጥ ክብርኣብ የሚባል ሰው አለ፣ ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው። መቐለ ሳለ የሳይክል ክለብ መካኒክ ነበር አሉ። ለዓመታት በሎሪ ሾፌሮች እጅ ጎማና ካቴና ልኬለታለሁ፣ ፊቱን ግን አይቼው አላውቅም። በትግራዩ ጦርነት የሱ ወገንና የኔ ወገን ምን እንደተደራረጉ ታውቂያለሽ፣ እስክደርስ ድረስ ልቤ ፈራ ተባ ሲል ነበር። የድሮ ሳይክልሽን፣ ያንን የእርዳታ ድርጅቱ ፈረንጅ ጥሎልን የሄደውን፣ ሎሪ ላይ አሳስሬ ወሰድኩት። ክብርኣብ ሱቁን የሠራው የራሽን ወረፋ ከሚያዝበት አጠገብ፣ በሸራ ሥር ነው። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ጨበጠኝ። ከዚያ ሳይክሉን ሁለት ጊዜ ዞረው።

"ይኼን ማን ነው እንዲህ ያደረገው?" አለኝ።

"እኔ ነኝ፣ ለሴት ልጄ" አልኩት፣ አሁንም ኩራቴ አልለቀቀኝም።

"ኣያ ስንሻው፣ ምን በድሎዎት ነው?"

በአካባቢው ያለው ሁሉ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም፣ በጣቱ እየነካ ያሳየኝ ጀመር። "አካሉ የውድድር ነው። መሪው እህል መጫኛ ሳይክል ላይ የሚገጠመው ነው። ኮርቻው ደግሞ የዐሥር ዓመት ልጅ ቁመት ላይ ነው ያለው። ልጅቱን ሦስት ሳይክል አንድ ላይ አስረው ነው ያወጧት። ወደ ታች የታጠፈው መሪው የት ሄደ?"

"አውጥቼ ጣልኩት።"

"ለምን?"

"ለጭቃው ነው" አልኩት። "እዚህ አገር ኸሪፍ ላይ ዋልካው ሲያዳልጣት እግሯ መሬት እንዲደርስ ብዬ።"

"አስፋልት ላይ ምን ዋልካ አለ?" አለኝ።

ጎማውን እንደሚያይ ሰው አጎነበስኩ። እሱም አላስጨነቀኝም፣ ሌላ ጥያቄ ጠየቀኝ። ጉልበቷን የሚያማት ከፊት ነው ከኋላ? አላውቅም አልኩት። "እንግዲያው ይደውሉላት" አለኝ። ያን ቀን ደውዬ ሰላም እንኳ ሳልልሽ "ከፊት ነው ከኋላ?" ያልኩሽ ለዚህ ነው። አንቺም "ከፊት ነው፣ ሎሚዋ ላይ" እንዳልሽ መስመሩ ጠፋ። "ከፊት ከሆነ ኮርቻው ዝቅ ብሏል" አለ ክብርኣብ። "ከኋላ ቢሆን ኖሮ በዝቷል እል ነበር። ዝቅ ሲል ጉልበቷ በየዙሩ ከልክ በላይ ይታጠፋል። በሰዓት ስንት ሺህ ጊዜ መሰለዎት?"

ከዚያ "ይውጡበት" አለኝ። እኔ? ኧረ ተው ልጄ፣ ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው አልኩት። አልሰማኝም። አንቺ በምትነጂበት አኳኋን፣ ኮርቻው ዝቅ እንዳለ፣ ከካምፑ በር እስከ ውሃ ታንከሩ ዐሥር ጊዜ አመላለሰኝ። ስድስተኛው ላይ ጉልበቴ መጮህ ጀመረ። ስምንተኛው ላይ ሎሚዬ ውስጥ ምስማር የገባ መሰለኝ። ዐሥረኛውን የጨረስኩት ባንቺ ነው፣ ልጄ ይኼን ስንት ዓመት ችላዋለች እያልኩ። ወርጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ላብ ነው ብዬ በመሐረቤ ጠረግሁት።

ክብርኣብ ቁልፉን አነሣ። አሁን የምጽፍልሽን አሰልጣኝሽ አጠገብ ሆነሽ አንብቢው። ግድግዳ ስላልነበረ ሻይ የምትሸጠው ኣልጋነሽ ሳይክሉን ከኋላ ያዘችልኝ፣ እኔ ተቀመጥኩበት። ተረከዜን መርገጫው ላይ አስደረገኝ። መርገጫው መጨረሻ ታች ሲደርስ እግሬ ቀጥ እስኪል ኮርቻውን ከፍ፣ ከፍ አደረገው። ዳሌዬ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ "በዛ" ብሎ ትንሽ መለሰው። ከዚያ በተረከዝ ሳይሆን በውስጥ እግሬ ፊት፣ ከጣቶቹ ሥር ባለው ሰፊው ቦታ ስረግጥ ጉልበቴ ትንሽ እጥፍ አለ። "ይኼ ነው ልኩ" አለኝ። ቀጥሎ ሁለቱን መርገጫዎች እኩል አቁሞ፣ ክር ላይ የብሎን ዳዶ አስሮ ከፊተኛው ጉልበቴ ሎሚ ሥር ለቀቀው። ዳዶው መርገጫው መሐል ላይ መውረድ አለበት፣ የኔ አልፎ ወደ ፊት ወጣ። ኮርቻውን ወደ ኋላ ገፋልኝ። በመጨረሻ ከዕቃው መሐል ወደ ታች የታጠፈ አሮጌ መሪ ፈልጎ ገጠመልኝና "ይጎንበሱ" አለኝ። "ክርንዎን አያድርቁት፣ ትንሽ ይታጠፍ። ትከሻዎን ከጆሮዎ ያውርዱት።"

ከዚያ ነዳሁ።

ፅናት፣ ሠላሳ ዓመት ሳይክል ስሠራ ኖሬ ሳይክል ነድቼ አላውቅም ነበር። እግሬ ወርዶ ሲወጣ የሚጎረብጠው የለም፣ ጉልበቴ ያለ አይመስለኝም። ወረፋ ላይ የነበሩት ሴቶች አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ፣ ሕፃናቱ እየጮኹ ይከተሉኛል። መቀመጫዬ ሰማይ ሰማይ ያያል፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እኔን ያያል። እና ታውቂያለሽ? ሊያሳፍረኝ ሲገባ ምንም አልመሰለኝም። ጎንበስ ስትይ የሚታይሽ መንገዱ ብቻ ነው። ለካ አንቺ ያን ሁሉ ጊዜ ስትነጂ የምታዪው መንገዱን ነበር፣ እኔ ደግሞ የማየው ያንቺን ተመልካቾች።

እንግዲህ ዞሬ ዞሬ ደረስኩ። ልንገርሽ።

ስለ ጭቃው የነገርኩሽ ውሸት ነው። በ2013 ፈረንጁ ሳይክሉን ጥሎ ሲሄድ አንቺ ዐሥራ አራት ዓመትሽ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በነበረው መሪው፣ በነበረው ኮርቻው ነው የነዳሽው። ኮርቻውን ያኔ ላንቺ ልክ ያደረግሁልሽ እኔው ነኝ፣ ጥሩም አድርጌው ነበር። በዶካ መንገድ ላይ ሎሪ ስታባርሪ ሰው ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር። አንድ እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ ማኅበርተኛው በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆመን ስናወራ፣ አንቺ ጎንበስ ብለሽ እንደ ጥይት አለፍሽ። አቶ ዳምጤ ከኋላሽ እያየ "ስንሻው፣ ልጅህ መቀመጫዋን ለአገር ምድሩ እያስጎበኘች ነው፤ ሐበሻ በሰው አገር እንዲህ ነው እንዲሉን ነው?" አለ። ሁሉም ሳቁ።

እኔም ሳቅሁ።

ይኼው ነው ልጄ። አባትሽ ሳቀ። አንድ ቃል መመለስ አቅቶኝ፣ ከነሱ ጋር ጥርሴን አሳየሁ። በማግሥቱ አንቺ ትምህርት ቤት ሳለሽ መሪውን ነቀልኩ፣ የጭነት ሳይክሉን መሪ ገጠምኩ፣ ቀጥ ብለሽ እንድትቀመጪ ኮርቻውን ወደ ታች ቀበርኩት። ስትመጪ "አባዬ፣ ለምን?" አልሽኝ። "ለሴት ልጅ ልኩ ይኼ ነው፤ ጭቃ ሲያዳልጥሽ እግርሽ መሬት ይድረስ" አልኩሽ። አንቺ ደግሞ አመንሽኝ። ያን ኮርቻ ባንቺ እግር አልለካሁትም፣ በዳምጤ ዓይን ነው የለካሁት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይላሉ። እኔ ግን አላዋቂ አልነበርኩም፣ ዐውቄ ነው ያደረግሁት። ከዚያ ደግሞ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ይኸው አምስተኛ ዓመቱ።

ያን እሑድ ዳምጤ ያለውን ሰምተሽ ይሁን አልሰማሽ አላውቅም። ካለፍሽ በኋላ ከመንገዱ ማዶ ቆመሽ ጎማሽን ስትነፊ አይቼሻለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በቤተ ክርስቲያኑ በኩል አልፈሽ አታውቂም፣ ዙሪያውን በቄራው በኩል ነበር የምትሄጂው። ይኼን ያስተዋልኩት ከቱነይድባ ስመለስ ሎሪ ላይ ሆኜ ነው። ሳቄንም ሰምተሽ ከነበረና ያንን ሁሉ ዓመት የኔን ልክ ይዘሽ የተከራከርሽልኝ ይኼን እያወቅሽ ከሆነ፣ እግዜር ይይልኝ፣ ምን እንደምልሽ አላውቅም።

ትናንት ሃያ ሰባት፣ መድኃኔ ዓለም ነበር። ማኅበሩ ከኛ ቤት ነው የወጣው፣ ተራችን ነበር። ጠበሉ ተቀምሶ፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ ሲጫወት ተነሥቼ ቆምኩ። እናትሽ "ምን ሊል ነው ደግሞ" ብላ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። "አቶ ዳምጤ፣" አልኩት፣ "የዛሬ አምስት ዓመት ስለ ልጄ የተናገርከው ነገር አለ። ያን ቀን ስቄአለሁ፣ ዛሬ ልመልስልህ ነው።" አሁን ጆሮው ከብዶታልና "ኧ?" አለኝ። ድጋሚ ጮኼ ተናገርኩት። "ጎንበስ ማለት ነውር ከሆነ፣ አሁን እዚያ ሜዳ ላይ ሰሊጥ ሲያጭዱ የሚውሉት ሴቶች ሁሉ ነውረኞች ናቸው? ያንተ ሚስት ስንት ዓመት ጎንበስ ብላ አጭዳ ነው ልጆችህን ያሳደገችው? የኔም ልጅ ሥራዋ ነው፣ ጎንበስ ብላ ትሠራለች!" አልኩት። ሚስቱ ከሴቶቹ መሐል "እውነቱን ነው" ስትል ሰማሁ።

ዳምጤ ምን ያለ ይመስልሻል? ፊቱን አጨማዶ አየኝና "ምን ብዬ ነበር? እኔ እንጃ ስንሻው፣ አላስታውስም" አለኝ። ሲዋሽ አልነበረም። እውነት አያስታውስም። አንቺ ጉልበትሽ ላይ ተሸክመሽው የምትዞሪውን እሱ ያን ዕለት ማታውኑ ረስቶታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትይኝ ይሆናል፣ እውነትሽን ነው። ሰዉ ሄዶ ዕቃ ስናነሣ እናትሽ "ለዳምጤ የነገርከውን ለልጅህ ነግረሃታል?" አለችኝ። አልነገርኳትም አልኩ። "እንግዲያው ማኅበሩ ምን ያደርግልሃል? ለሷ ጻፍላት" አለችኝ። ይኸው እየጻፍኩ ነው።

አሁን ሥራ ላይ እንግባ። ጊዜው አጭር ነው፣ ኅዳር መጨረሻ ሩቅ አይደለም። ነገ ጠዋት ከሁሉ በፊት አሰልጣኝሽ ዘንድ ሂጂና ትክክል እሱ እንደሆነ ንገሪው። አባቴ ውሸታም ኖሯል በይው፣ አላፍርም። ሳይክሉን ይዞልሽ እንደነገርኩሽ ይለካሽ፣ ከኔ የበለጠ የሚያውቀው ካለም የሱን አድርጊ። ግን አደራ፣ በአንድ ቀን ጎትታችሁ እንዳትጨርሱት። ክብርኣብ ደጋግሞ የነገረኝ ይኼን ነው፤ አምስት ዓመት እጥፍጥፍ ብሎ የኖረ እግር ባንዴ ሲዘረጋ ሌላ በሽታ ያመጣል። ግማሽ ጣት ከፍ፣ ሦስት አራት ቀን ቀለል አድርገሽ መንዳት፣ ደግሞ ግማሽ ጣት። የጉልበትሽ ኋላ መሳብ ከጀመረ አልፈሻል ማለት ነው፣ ትንሽ መልሺው። መጀመሪያ ኮርቻው የራቀ፣ የማያስተማምን ሆኖ ይሰማሻል፣ መሬቱም የሸሸሽ ይመስልሻል። አትፍሪ። ቆመሽ ስትወርጂ ነው እግርሽ መሬት መድረስ ያለበት፣ ስትነጂማ መሬት ምን ያደርግልሻል?

ስለ ቤሩት ደግሞ። የደላላውን ስልክ ቁጥር አጥፊው። ሁሉን አድርገሽ፣ በልክሽ ነድተሽ፣ በልክሽ ተወዳድረሽ ሳይሆን ከቀረ እሺ፣ ያን ጊዜ ቁጭ ብለን እንመካከራለን። አንቺ ግን እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ በልክሽ አልተወዳደርሽም። እኔ ወደ ታች የቀበርኩት ኮርቻ ሰው ጓዳ ድረስ እንዲወስድሽ አልፈቅድም። ሕመሙ ያንቺ ድክመት አይደለም፣ ሰነፍ ስለሆንሽም አይደለም። ተጣሞ በተሰጠሽ ነገር ላይ ሆነሽ እስከዚህ የደረስሽ ልጅ ሲቃናልሽ የት እንደምትደርሺ እኔ ለማየት ቸኩያለሁ።

አንድ ፎቶ ላኪልኝ። ቆመሽ ፈገግ ያልሽበትን አይደለም፣ እሱ አለኝ። የውድድር ልብስሽን ለብሰሽ፣ ጎንበስ ብለሽ፣ በጉልበትሽ የምትረግጪበትን። አሳጥቤ ሱቁ በር ላይ እሰቅለዋለሁ። ማኅበርተኛው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ በዚያ ነው የሚያልፈው፣ ሲመለስም በዚያው።

ከእንግዲህ ልክሽን እኔን አትጠይቂኝ። ጉልበትሽን ጠይቂ፣ እሱ ዋሽቶሽ አያውቅም።

መድኃኔ ዓለም ከፊትሽ ይቅደም፣ ከኋላሽ ይከተል። ዳገቱን ሜዳ ያድርግልሽ። ከክፉ ሾፌር፣ ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ምላስ ይሰውርሽ፣ የአባትሽም ምላስ ቢሆን። እናትሽ ሁለቱንም ጉንጭሽን ስማሻለች፣ እግርሽን ደግሞ በሞቀ ውሃና በጨው ዘፍዝፊ ትላለች። እህ ብለሽ ስሚያት።

አባትሽ ስንሻው

ደግሞ፦ ይኼን ጽፌ እንደጨረስኩ ለእናትሽ አነበብኩላት። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ፣ ይኼ በትዳራችን የመጀመሪያው ነው። ሲያልቅ "ያን ሁሉ አወራህ፣ ይቅርታ የሚለው የት ጋ ነው ያለው?" አለችኝ። አለ አልኳትና ከላይ እስከ ታች ፈለግሁት። ገጹን አገላበጥኩ። የለም። አሁን የት ጋ አስገባዋለሁ፣ ወረቀቱ አልቋል አልኳት። "ጥግ ላይም ቢሆን ይገባል" አለችኝ።

ይቅር በይኝ፣ ልጄ።